ከንፈረ ሸራፋዋ ሲኒ

እናቴ ቤት አንዲት ከንፈሯ የተሸረፈ ሲኒ አለች። መንዝ፣ መሐል ሜዳ በሄድኩ ቁጥር አቦሉ የሚቀዳልኝ በእሷ ነው። ረከቦቱ ላይ ስድስት ደህና ሲኒዎች ተደርድረው እያለ፣ እሷ ሰባተኛ ሆና ዳር ላይ ትቆይና ዞራ ዞራ እኔ እጅ ላይ ታርፋለች። ለምጄ፣ ሽራፊዋን በአውራ ጣቴ ዳብሼ ወደ ውጭ አዙሬ ነው የምጠጣው። የረሳሁ ቀን ከንፈሬን ትቧጭረኛለች።

ሁለት ጊዜ አዲስ ሲኒ በደርዘን ገዝቼ ወስጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እናቴ መርቃ ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። «ለእንግዳ ነው» አለች። እንግዳ አለመሆኔ ያስከፋኝ ያን ጊዜ ነው።

ሲኒዋ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ተጥላ ማለቅ ነበረባት። ያዳናት አንድ የፈረንሳዮች ተረት፣ አንድ የአሜሪካኖች ፊልም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኔ መርማሪነት ነው።

በዚያ ክረምት እህቴ ሁለቱን ልጆቿን ለእናታችን ልትልክ ፈለገችና አድራሹ እኔ ሆንኩ። ማሙሽ ስምንት ዓመቱ፣ ሚጣ አምስት ዓመቷ። (ቤት ውስጥ የሚጠሩት እንዲህ ነው፤ የትምህርት ቤት ስማቸው የራሳቸው ጉዳይ ነው።) እህቴ ሹራቡን፣ ቡትሱን፣ የሳል ሽሮፑን አንድ በአንድ ቆጥራ ካስረከበችኝ በኋላ ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ቢዩቲ ኤንድ ዘ ቢስት አለ። አዲሱ። ነዝንዘው ገደሉኝ። ካርቱኑን ስንቴ አይተውታል፤ ይሄኛው ግን በሰው የተሠራ ስለሆነ ያስፈራል ይላሉ። እባክህ መጀመሪያ አንተ እየውና፣ የሚሆን ከሆነ ታሳያቸዋለህ።»

«የሚሆን ማለት?»

«ለዕድሜያቸው ነዋ!»

የዚያችው የእህቴ ቤት ቴሌቪዥን ማታ ማታ ቃና ላይ እንደሚያመሽ፣ በቱርኮቹ ድራማ ውስጥ ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን በማን ላይ ሽጉጥ እንደመዘዘ ሚጣ ከእኔ አብልጣ እንደምታውቅ ልናገር አልኩና ተውኩት። ታላቅ ወንድም ያየውን ሁሉ አይናገርም።

ፊልሙ የዚያን ዓመት መጋቢት ላይ ነው የወጣው። ዲዝኒ በፈረንጆቹ 1991 በካርቱን የሠራውን ተረት በ2017 ኤማ ዋትሰንንና ዳን ስቲቨንስን ይዞ በሥጋና በደም ደገመው። የፊልም ደረጃ የሚያወጡት አሜሪካኖች ካርቱኑን ማንም ይየው ብለውት ነበር። አዲሱን ግን ወላጅ ይምከርበት አሉና ምክንያቱን ጻፉበት፦ ድብድብ አለበት፣ አደጋ አለበት፣ አስፈሪ ምስል አለበት። ደግሞም ረዝሟል። ካርቱኑ 84 ደቂቃ ነበር፤ ይሄ 129 ነው። እኔን ያሳሰበኝ ይኸኛው ነው። ሚጣ ሽንቷን 129 ደቂቃ ይዛ አታውቅም።

እንግዲህ «አደጋ አለበት» የተባለውን ፍላሽ ኪሴ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርን። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መኪናዋን ዋጣት። ሾፌራችን በአንድ እጁ ስልክ፣ በአንድ እጁ መሪ ይዞ ከረዳቱ ጋር በሒሳብ ይጨቃጨቃል። ገደሉ እንዳለ አለ፤ ጉም ስለሸፈነው ግን የፈራው ሰው የለም። ሚጣ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ወላጅ ይምከርበት ያለን አልነበረም።

ስንደርስ ፍልሰታ ገብቷል።

«በፍልሰታ ፊልም?» አለች እናቴ። «ሕፃን እንኳ በሚጾምበት?»

የልጆቹ ጉዳይ ለነሐሴ 17 ተቀጠረ። ለመርማሪው ግን ሥራ ነውና ተፈቀደለት። ማታ ሁሉም ሲተኛ ባናዬን ተከናንቤ፣ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ፣ የማሙሽን የሒሳብ ደብተር ከኋላው ገልብጬ ምርመራዬን ጀመርኩ። የመንዝን የነሐሴ ብርድ የማያውቅ ሰው የባናን ውለታ አያውቅም፤ የበግ ጠጉር ነው፣ ይከብዳል፣ ይኮሰኩሳል፣ ግን ያሳድራል። ከእሱ ሥር ሆኜ አስፈሪውን ሁሉ በደቂቃና በሴኮንድ መዘገብኩ። ተኩላ ሲያሯሩጥ። አውሬው ሲያጓራ። መንደርተኛው ችቦ ይዞ ሲነሳ።

እናቴ ከመደቧ ላይ ቀና ብላ «ምንድን ነው የምትጽፈው?» አለችኝ።

«ልጆቹን የሚያስፈራውን።»

«ስንት ደረሰ?»

«አሥራ አንድ።»

«ውይ አፈር ስሆን!» አለችና ተመልሳ ተኛች።

ሰሞኑ አባባ ተስፋዬ ያረፉበት ነው። ሐምሌ 24 ነው የሞቱት፤ ለቡና የተሰበሰበው ሁሉ የእሳቸውን ነገር እያነሳ ከንፈሩን ይመጣል። ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ጅቡም ጦጣውም አንበሳውም የሚኖረው እሳቸው ጉሮሮ ውስጥ ነበር። ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ተታለለ፣ ስንቱ ገደል ገባ! አስቀድሞ የመረመረልን አልነበረም። እኛ የምንመረምረው ፊታቸውን ነው። ጅቡ አፉን ሲከፍት አባባ ፈገግ ካሉ፣ ነገሩ እኛ ድረስ አይመጣም ማለት ነው።

ለነገሩ ይሄ ተረት ለልጅ ይሆናል አይሆንም የሚባለው ክርክር የዲዝኒ ፈጠራ አይደለም። ቆንጆዋንና አውሬውን መጀመሪያ በፈረንጆቹ 1740 የጻፈችው ማዳም ዴ ቪልነቭ የምትባል ፈረንሳዊት ናት፤ ረጅም፣ ጠመዝማዛ፣ ለአዋቂ የሚሆን ታሪክ ነበር። በ1756 ደግሞ ለንደን ውስጥ የሰው ልጆች የምታስተምር ማዳም ለፕራንስ ዴ ቦሞን መቀሷን አነሳችና ለተማሪዎቿ የሚሆነውን አስቀርታ የቀረውን ጣለችው። ዛሬ የምናውቀው እሷ የቆረጠችውን ነው። እህቴ እንግዲህ የማዳም ቦሞን ዘር መሆኗ ነው።

በፈረንጆቹ 2017 መቀሱ ዓለምን ዞረ። ፊልሙ ውስጥ ሁለት ወንዶች ለቅጽበት አብረው ሲጨፍሩ ይታያሉ ተብሎ ሩሲያ ከ16 ዓመት በላይ ብላ መደበችው፣ ማሌዥያ ይቆረጥልኝ አለች፣ ኩዌት ጭራሹን ከሲኒማ ቤት አወረደችው። እኔ ያቺን ቅጽበት እፈልጋለሁ ብዬ ፊልሙን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መለስኩት። የማሙሽ የሒሳብ ደብተር ላይ ምን ብዬ እንደምመዘግበው ቸገረኝና አለፍኩት።

ቡሄ ዕለት ማሙሽ ከመንደሩ ልጆች ጋር ጅራፍ ሊያጮህ ወጣ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ጅራፉን ከማጮህ ይልቅ ሲጮህበት ነው የዋለው። ማታ ባቱ ላይ እንደ እባብ የተጋደመ ሰንበር ይዞ፣ ሌላ እጁ ላይ ሙልሙል ይዞ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ገባ። እናቴ ሰንበሩን አየችና «ጎበዝ!» አለች። ደብተሬን ገለጥኩና ድብድብ የሚለውን አየሁት። ዘጋሁት።

በሁለተኛው ቀን እናቴ ቆሎ እያመሰች ነገሩን እንድነግራት ጠየቀችኝ። «አሥራ አንድ አስፈሪ ያለበት ተረት ምን ቢሆን ነው?»

ነገርኳት። አንድ አባት መንገድ ጠፍቶት ሰው የሌለበት ግቢ ገባ፤ ለልጁ ብሎ አንዲት ጽጌረዳ ቀጠፈ…

«ሳያስፈቅድ?»

«ሳያስፈቅድ።»

«ጥፋቱ የአባትየው ነዋ!»

ቀጠልኩ፦ የግቢው ባለቤት አውሬ ነበርና አሰረው፤ ልጅቱ መጥታ በአባቷ ፈንታ እኔ ልታሰር አለች።

«ዋስ ሆና ገባች በለኛ። ወንድም የላትም?»

«ፊልሙ ላይ የላትም።»

«ሽማግሌስ? ሄዶ የለመነ የለም?»

«የለም።»

«ምን ዓይነት አገር ነው!» አለችና ምጣዱን አማሰለች። «አውሬውስ እንዴት አውሬ ሆነ? ሲፈጥረው ነው?»

«የለም፤ ልዑል ነበር። አንድ ሌሊት ብርዱ ሲበረታ አንዲት አሮጊት መጥታ አሳድረኝ ብትለው፣ አስቀያሚ ናት ብሎ አባረራት። አሮጊቷ ሌላ ኖራ፣ ረገመችው።»

እናቴ ማማሰሉን አቆመች። ቆሎው ማረር ጀመረ።

እናቴ ቤት ከመሸ በኋላ የተንኳኳ በር ሳይከፈት ቀርቶ አያውቅም። የተቆጣ ይግባ፣ የሰከረ ይግባ፣ መንገድ ይጥፋበት ብቻ። በነሐሴ ብርድ የእግዜር እንግዳን ደጅ ማሳደር እሷ ዘንድ ከመግደል ጥቂት ዝቅ ያለ ነገር ነው።

«በብርድ?» አለች።

«በብርድ።»

«ይበለው!» አለች። ከዚያ ምጣዱን አወረደችና ፈረደች። «ልጆቹ ይዩት። ይሄንን ማየት አለባቸው።»

አሥራ አንዱም ነጥብ ውድቅ ሆነ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅምና እኔ ግን ደብተሩን አልጣልኩትም።

የዚያን ዕለት ማታ መብራት የለም። ሚጣ አልተኛም ብላ ስትነጫነጭ እናቴ ሳብ አድርጋ ጋቢዋ ውስጥ አስገባቻትና የአያ ጅቦን ተረት ጀመረች። ተረቱን የማያውቅ የለም። አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን ዝም ካላልክ ለአያ ጅቦ እሰጥሃለሁ ስትለው ጅቡ ከጓሮ ሆኖ ይሰማል። ቃል ነው ብሎ አምኗት ቁጭ ይላል። ያመሻል። ያነጋጋል። ጎህ ሊቀድ ሲል በበሩ ስንጥቅ አፉን አስጠግቶ፣ በትሕትና፣ እመቤቴ፣ የሚሰጡኝ ከሆነ ይስጡኝ፣ ካልሆነም ቁርጡን ይንገሩኝና ልሂድ፣ ሳይነጋብኝ ይላል።

እናቴ «ሳይነጋብኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ከወንዙ ማዶ እውነተኛው ጮኸ። ረጅም፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚነሳ። ከዚያ ሌላው መለሰለት።

የዲዝኒ ሰዎች በእውነተኛ ተዋናይ ሠራነው የሚሉትን እዚህ ጋ ቢያዩት ጥሩ ነበር።

ሚጣ ዓይኗን አፍጥጣ «መጣ?» አለች።

«ሊጠይቅ ነው» አለች እናቴ። «እንስጠው?»

«አንስጠው!» ሁለት እግሯን ሰብስባ ጋቢው ውስጥ ጠፋች፤ ከውስጥ ሳቋ ይሰማል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተኛች። እኔ ሳልተኛ አደርኩ፤ የበጎቹ ጉረኖ በር ተዘግቷል አልተዘጋም እያልኩ።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ጠዋት ላይ ወደ ጓሳ ሣር ሜዳ ወሰድኳቸው። ይሄን አገር ካነሳሁ አይቀር የጓሳን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አይሆንልኝም። ሣሩን አባቶቻችን ለዘመናት የጠበቁት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው፤ ይዘጋ፣ ዓመታት ይቆይ፣ ሽማግሌዎቹ ደርሷል ሲሉ ይከፈት፣ ሕዝቡም ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ያጭድ ነበር። መድረሱን ያውቁ የነበረው ሄደው አይተው፣ በእጃቸው ዳብሰው ነው። ለእህቴ ይሄን ብነግራት ጥሩ ነበር፤ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ጭላዳዎቹ መንጋቸውን ይዘው ሣር ይነጫሉ። ከወንዶቹ አንዱ ጎፈሬውን ነፋስ እያመሰቃቀለው ቀና ብሎ አየን። ሚጣ በአንክሮ መረመረችው።

ማታ ፊልሙ ተጀመረ። የጎረቤት ልጆች ሰምተው መጡና ዘጠኝ ሆኑ። እኔ ተርጓሚ ነኝ። በአንዷ ላፕቶፕ ፊት ዘጠኝ ሕፃን፣ ከኋላቸው እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ።

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ የመጀመሪያውን አስፈሪ ጠበቅሁ። ተኩላዎቹ ሲመጡ አፌ ቀደመኝና «ቀበሮዎች መጡ!» አልኩ። ሳቅ ሆነ። የእኛ አገር ቀይ ቀበሮ ጓሳ ላይ ቀኑን ሙሉ የአይጥ ጉድጓድ ላይ አፍጥጦ የሚውል ፍጥረት ነው። አንዱ የጎረቤት ልጅ «ሰውየው አይጥ ይዟል እንዴ?» አለ። አስፈሪ ቁጥር አንድ እንዲህ ሆኖ አለፈ።

ቀጥሎ አውሬው ከጨለማው ወጣ። ጎፈሬው ተንዠርጎ፣ ጥርሱ ገጥጦ፣ ካፖርት ለብሶ። ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ጋሼ!» አለች ሚጣ። «ጭላዳው ኮት ለብሷል!»

ከዚያ በኋላ አውሬው ባጓራ ቁጥር ዘጠኙም ይስቃሉ። ማሙሽማ ተነስቶ አብሮት አጓራ። እናቴ ብቻ ናት ቁም ነገር የያዘችው፤ አውሬው ሾርባውን ማንኪያ ትቶ አፉን ሳህን ውስጥ ሲከት «እጁን እንኳ ሳይታጠብ» አለች።

የአውሬው ቤት ዕቃ ሁሉ ሰው የነበረ ነው፤ በእርግማኑ ሻማ መያዣ፣ ሰዓት፣ ቁም ሳጥን ሆነዋል። ሻይ ማፍሰሻዋ እናት ናት። ልጇ ከንፈሩ የተሸረፈ ሲኒ ነው፤ ፈረንጆቹ ቺፕ ይሉታል። እኔ ሸራፌ ብዬ ተረጎምኩት። በትርጉሜ የተደሰትኩት እዚያ ጋ ብቻ ነው።

መጨረሻው ገደማ የጽጌረዳዋ የመጨረሻ ቅጠል ስትረግፍ ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ድምፃቸው ይጠፋል። ሻይ ማፍሰሻዋ ልጄ የት አለ እያለች እየፈለገችው ዕቃ ሆና ቀረች። ሸራፌም ወደቀ፤ ተያዘ፣ ግን እሱም ዝም አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ደብተሬን አየሁት። ይሄ የለበትም። በምርመራዬ ሌሊት እዚህ ቦታ ስደርስ ፊልሙን ሳላቆም ሻይ ልቀዳ ተነስቼ ነበር።

እርግማኑ ተፈታ፣ ሁሉም ሰው ሆኑ፣ ተጨፈረ፣ ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ሁለቱ ሽንታቸውን ለመሽናት ተሽቀዳደሙ። እህቴ ደወለች።

«ፈሩ?»

«ኧረ ምንም አልፈሩ! በጣም ነው የሚሆናቸው» አልኳት፣ እንደ ሊቅ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቡና አፈላች። ሁለት ጎረቤቶች መጥተዋል። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ ቡናው ተቆልቶ ጭሱ ዞሯል፤ ከሰሉ ግሏል። እናቴ ጀበናዋን አንስታ እሳቱ ላይ ልትጥድ ስትል ሚጣ ከመኝታዋ ተነስታ መጣች።

«እምዬ! ተይ! ታቃጥያታለሽ!»

«ማንን ነው የማቃጥለው የኔ እናት?»

ሚጣ ጀበናዋን አሳየቻት። ከዚያ ዓይኗ ወደ ረከቦቱ ዞረ። ዳር ላይ ያቺ ሲኒ አለች። እናቴ ጾሙ ሲፈታ ልጥላት ብላ ለብቻ ያገለለቻት።

«ሸራፌ!»

እንዲህ ዓይነት ልቅሶ እኔ ከሚጣ ሰምቼ አላውቅም። ስትነጫነጭ የምታለቅሰው የታወቀ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰው ያያል፣ ይወርዳል። ይኼኛው ድምፅ የለውም። ሲኒዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ይሄን ነበር የምታብሰለስለው፦ በእኛ ቤት ያሉት ያልተፈታላቸው ቢሆኑስ?

ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ ማማተብ ጀመረች። እኔ ልጅቷ ፊት ተንበርክኬ፣ ፊልም ማለት ምን እንደሆነ፣ ኮምፒውተር ምን እንደሚሠራ፣ ዕቃና ሰው በምን እንደሚለያይ አስረዳሁ። ሚጣ አዳመጠችኝና «ዝም ያሉት እኮ ስለተረገሙ ነው» አለችኝ። መልስ የለኝም።

እናቴ ጀበናዋን አስቀመጠች። ሚጣን አጠገቧ አስቀምጣ እግሯን በጋቢ ሸፈነችላት።

«ስሚኝ እስቲ። አሁን አንቺ በርዶሻል አልበረደሽም?»

«በርዶኛል።»

«እሷም በርዷታል። ይሄ መንዝ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን እሺ፤ እዚህ ግን ሲኒ ራሱ ሙቀት ይወዳል። ጀበናዋም እሳት ካልሞቀች ትታመማለች። ቡና ሲቀዳባት ነው ነፍስ የምትዘራ።»

ሚጣ አሰበች። «ግን ይጥሏታል።»

«ማን ይጥላታል?»

ሚጣ በየተራ አየችን። ጎረቤቶቹን አላመነቻቸውም። ማሙሽን ጭራሽ። እናቴ ሦስቱን የቡና ዙር ስታስተናግድ እጇ ብዙ ቦታ ነው። መጨረሻ እኔ ላይ ቆመች።

«ጋሼ ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው» አለች።

እንዲህ ነው የተሾምኩት። ከአቦል እስከ በረካ ሚጣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ እያንዳንዷን ፉት ጠበቀችኝ። አንዴ ቶሎ ባስቀምጣት «ቀስ!» ተባልኩ።

ማታ እህቴ እንደገና ደወለች። ማሙሽ ቀድሞኝ ሁሉን ነግሯታል።

«አልፈሩም አላልከኝም? የቱ ጋ ነው ያስቸገራት?»

«ቡናው ጋ» አልኳት።

«ፊልሙ ላይ ቡና አለ እንዴ?»

ሚጣ አሁን ቁመቷ እኔን ደርሷል። ሰሞኑን ይሄን ታሪክ ሳነሳላት ሳቀች፤ ፊልሙ ትዝ አይላትም። ጭላዳው እንኳ ትዝ አይላትም። «ያቺ ሲኒ እስካሁን አለች? ኧረ ጣሏት፣ ከንፈራችሁን ትቆርጣለች!» አለች።

ለመጨረሻ ጊዜ መሐል ሜዳ የሄድኩ ዕለት ይሄንኑ ይዤ እናቴን ተሟገትኩ። ባለቤቷ ራሷ ለቃታለች አልኩ። በቁም ሳጥኑ ውስጥ ሃያ አራት አዲስ ሲኒ ቁጭ ብሏል አልኩ።

«ለልጅቷ ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ» አለች እናቴ።

በረካዬን ጨረስኩ። ሲኒዋን ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ከሁሉ አስቀድማ አጠበቻት፣ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀቻት፣ ሌሎቹን ስድስት ረከቦቱ ላይ ደፋቻቸውና እሷን ለብቻ፣ ገና ትኩስ ከሆነችው ጀበና ጎን አስጠጋቻት።